ዲቪ የደረሳችሁ ጤና መኮንኖች፣ ወደ ፒኤ (ፊዚሺያን አሲስታንት) ስታስቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ለገጣፎ በሚገኘው ጤና ጣቢያችን ለአንዱ ዲቪ በደረሰ ቁጥር የምንሰማው ወሬ አንድ ነው። «ጤና መኮንን እኮ አሜሪካ ፒኤ ማለት ነው፤ ፈተናዋን ወስዶ ሥራ መጀመር ነው!» ብዙ ሰው ያሳሳተው ይሄ ወሬ ነው።

ሥራው በእርግጥ ይቀራረባል። ፊዚሺያን አሲስታንትም እንደኛ በሽተኛ ያያል፣ ላብራቶሪ ያዛል፣ መድኃኒት ይጽፋል። ፈቃዱ ግን ከዚህ ወደዚያ አይዞርም። ፓንስ ለሚባለው ብሔራዊ ፈተና ለመቀመጥ አሜሪካ ውስጥ እውቅና ካለው የፒኤ ፕሮግራም መመረቅ ግድ ነው። ከዚህ ዶክተር ሆኖ የሄደም አቋራጭ የለውም። ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ ነው፤ በአማካይ 27 ወር ገደማ ይፈጃል። ፈተናው 300 ጥያቄ አለው። ከተመረቃችሁ በኋላ ባሉት 6 ዓመታት ቢበዛ 6 ጊዜ መሞከር ይቻላል። ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ የምትሠሩበትን ግዛት ፈቃድ ታወጣላችሁ።

ሁለተኛው ስህተት በቴምፖራሪ (ጊዜያዊ) ዲግሪ ብቻ መብረር ነው። ወጪ መጋራት ያልከፈለ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ይቸገራል። እዚያ ሆኖ በወንድም በእህት ሬጅስትራር ማስለመን ደግሞ ልብ ያደርቃል። እዚሁ እያላችሁ ጨርሱት። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ አንድ መሆኑንም እዩ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን የሥራ ልምዱ ነገር ነው። የፒኤ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ በሽተኛ ያያችሁበትን ሰዓት ይቆጥራሉ። እኛ ጋ ደግሞ ይሄ ሞልቷል! ተመላላሽ ክፍል፣ ድንገተኛ፣ የሌሊት ተረኝነት፣ ማዋለድ። የሚሰጠን ደብዳቤ ግን «ከዚህ እስከዚህ ቀን በዚህ ደመወዝ አገልግለዋል» ብሎ ያበቃል። የኔም እንደዚያ ነበር። መልሼ ወስጄ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራሁ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ምን እንደሠራሁ በዝርዝር አስጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ተመላለስኩበት፤ አልቆጨኝም። እናንተም የቅርብ ኃላፊያችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። ኃላፊ ከተቀየረ ሥራችሁን ያየ ሰው ፈልጎ ማስጻፍ ከባድ ነው።

የድሮ ኮርሶችን ሁሉ ይይዙልኛል ብላችሁም አትቁጠሩ። ብዙ ፕሮግራሞች ኬሚስትሪውን፣ አናቶሚውን እዚያው አገር እንድትማሩ ይፈልጋሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ረከስ ይላል።

ደግሞ ሜዲካል አሲስታንትና ፊዚሺያን አሲስታንት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በወራት የሚያልቅ ሥልጠና ነው፤ በሽታ መርምሮ መድኃኒት መጻፍ አያስችልም። «በአጭር ጊዜ ፒኤ እናደርግሃለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ለፒኤ ፕሮግራሞች እውቅና የሚሰጠው አርክ-ፒኤ በድረ ገጹ ላይ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት።