የኮንዶሚኒየም ኮሚቴን ሒሳብ እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መዋጮው በየወሩ ይሰበሰባል፤ የውሃ ፓምፑ ግን ተበላሽቶ ይከርማል። ግቢው ለመኪና ማቆሚያ፣ የጋራ መገልገያ ሕንፃው ለነጋዴ ይከራይና ገንዘቡ የት እንደገባ የሚናገር ይጠፋል። በደረጃ ላይ ቆሞ ማማረር ማንንም አያስገድድም። የሚያስገድደው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ኮሚቴው ተጠሪነቱ ለእርሱ ነውና።

በመጀመሪያ ማኅበርዎ በየትኛው ሕግ እንደተመዘገበ ይጠይቁ። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ስለ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ይደነግጋል፤ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢውም የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ናቸው። በኅብረት ሥራ ማኅበርነት የተደራጁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ይገዛሉ። በእነዚህ ዘንድ ባለሦስት መኝታም ሆነ ባለስቱዲዮ አባል ድምፁ አንድ ነው፤ የሥራ አመራሩን የሚከታተል ቁጥጥር ኮሚቴም አለ። ብዙ ሰው ይህን ኮሚቴ ይረሳዋል፤ አቤቱታዎን መጀመሪያ ለእርሱ ያቅርቡ።

ቀጥሎ የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂ ያግኙ። ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት የስንት አባላት ፊርማ እንደሚበቃ፣ ከባንክ ገንዘብ የሚወጣው በእነማን ፊርማ እንደሆነ ይለዩ።

ከዚያ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ሒሳብ ይገለጽልን» የሚል ደብዳቤ «እሺ፣ እናያለን» በሚል መልስ ይቀራል። የሚፈልጉትን በስሙ ይጥሩ፦ የዚህን ዓመት የባንክ መግለጫ፣ የገቢና የወጪ ደረሰኞች፣ የኪራይ ውሎች፣ ኪራዩን የፈቀደው ቃለ ጉባኤ። ግልባጩ ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን ያስሞሉ። ሰነዱን ሳያዩ «በልታችኋል» አይበሉ፤ ያለ ደመወዝ በቅንነት የሚደክሙ ብዙ የኮሚቴ አባላት አሉ፤ ያልተረጋገጠ ውንጀላም እርስዎኑ ተከሳሽ ያደርጋል።

መልስ ከጠፋ ፊርማ ያሰባስቡ። ተከራዮች የችግሩ ዋና ተካፋይ ቢሆኑም ድምፅ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ባለቤት ካለ ውክልና የሰጠውን ሰው ቀድመው ያግኙ፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቤቶች ነው። በስብሰባው ዕለት የሒሳብ ምርመራ በአጀንዳነት ይያዝ፤ ውሳኔውም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ኮሚቴው ስብሰባ ካልጠራ ማኅበሩን ወደመዘገበው መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ።

በዚህ ሁሉ መካከል መዋጮዎን አያቋርጡ። ዕዳ ያለበት ጠያቂ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝም ይሰኛል።

አዲስ ኮሚቴ ከተመረጠ ርክክቡ በዝርዝር ይፈረም፦ ማኅተሙ፣ ቼኩ፣ ያልተሠራባቸው ደረሰኞች፣ የፓምፑ ቤት ቁልፍ። የባንክ ፈራሚዎችም ቃለ ጉባኤው እንደጸደቀ ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀየሩ።