የካርታው ሙሉ ስክሪን ቁልፍ እንቢ ሲል

ካርታን ድረ ገጽ ላይ ለማስቀመጥ ከሚያገለግሉት ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) መካከል ማፕሊብሬ፣ ኦፕንሌየርስና ጉግል ማፕስ የሙሉ ስክሪን ቁልፍ ከራሳቸው ጋር ይዘው ይመጣሉ። በሰፊው የሚሠራበት ሊፍሌት ግን በ1.9 ቅጂው እንኳ ይህ ቁልፍ የለውም፤ በፕለጊን (በተጨማሪ ኮድ) ይጨመርበታል። ቁልፉ ከየትም ይምጣ፣ ሥራው ትንሽ ነው፦ ብራውዘሩን «ይህ ኤለመንት (የገጹ ክፍል) ስክሪኑን ይሙላ» ብሎ ይጠይቃል። ፈቃጁም ከልካዩም ብራውዘሩ ነው። ስለዚህ ፕለጊን ከመቀያየር በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። እንዲሰፋ የተጠየቀው የትኛው ኤለመንት ነው? ፈቃዱስ አለ?

ቁልፉ ቢጫኑትም ምንም አይፈጠርም

የብራውዘሩን ኮንሶል (የስህተት መልእክቶች የሚታዩበትን መስኮት) ከፍተው ቁልፉን እንደገና ይጫኑት። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ፣ ፕለጊኑ ስህተቱን ካልዋጠው በስተቀር፣ ምክንያቱ እዚያ በቀይ ተጽፎ ይገኛል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአይፍሬም፣ ማለትም አንድን ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ የሚያካትተው ኤለመንት፣ ነው። ካርታው ከሌላ ዶሜይን መጥቶ በአይፍሬም ከተካተተ፣ ያካተተው ገጽ ካልፈቀደለት በቀር መስፋት አይችልም። ፈቃዱ የሚሰጠው አይፍሬሙ ላይ «አላው» በሚባለው አትሪቢውት ውስጥ «ፉልስክሪን» ብሎ በመጻፍ ነው፤ የቆየው «አላውፉልስክሪን»ም ይሠራል። አይፍሬም በአይፍሬም ውስጥ ከሆነ ፈቃዱ በየደረጃው መደገም አለበት፤ አንዱ ላይ ከተዘነጋ የሌሎቹ መፍቀድ ዋጋ የለውም። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ የካርታውን አድራሻ ብቻውን በአዲስ ታብ ይክፈቱት። እዚያ ከሠራ ችግሩ ያለው በአካታቹ ገጽ ነው። እዚያም ካልሠራ፣ ሰርቨሩ የሚልከው «ፐርሚሽንስ ፖሊሲ» የተባለው ሄደር (ከገጹ ጋር የሚላክ መመሪያ) ሙሉ ስክሪንን ዘግቶት እንደሆነ ይመልከቱ።

ሌላው ምክንያት ጥያቄው ከተጠቃሚው ጣት መራቁ ነው። ብራውዘሮች ሙሉ ስክሪን የሚፈቅዱት ሰው ሲጫን ብቻ፣ ያውም ከመጫኑ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ገጹ እንደተከፈተ ካርታው በራሱ እንዲሰፋ የሚሞክር ኮድ አይሳካለትም። ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ ከሰርቨር መረጃ አምጥቶ ከዚያ መስፋት የሚጠይቅ ኮድ ደግሞ በፈጣን ኢንተርኔት ይሠራል፣ በዘገምተኛው ይከሽፋል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መስፋቱ ይቅደም፣ መረጃው ይከተል።

ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ስልክ ላይ አይሠራም

የአይፎን ሳፋሪ ለብዙ ዓመታት ሙሉ ስክሪን የፈቀደው ለቪዲዮ ብቻ ነው። በአይፎን ላይ ክሮምን መጫንም አያድንም፤ ከስሩ የሚሠራው ያው ዌብኪት የተባለው የአፕል የብራውዘር ሞተር ነው። አይፓድ ግን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ከሳፋሪ 16.4 በፊት፣ ማለትም እስከ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ትእዛዙ «ዌብኪት» የሚል ቅድመ ቅጥያ ይፈልግ ነበር።

መፍትሄው አስመስሎ ማስፋት ነው፦ ካርታውን በሲኤስኤስ (የገጹን መልክና አቀማመጥ በሚወስነው ቋንቋ) «ፊክስድ» አድርጎ የገጹን መስኮት በሙሉ ማስያዝ። ማፕሊብሬ ድጋፍ ሲያጣ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ የሊፍሌት ፕለጊኖችም ምርጫው አላቸው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ካርታውን ካቀፉት ኤለመንቶች አንዱ «ትራንስፎርም» ወይም «ፊልተር» ካለው፣ «ፊክስድ» የሚለካው ከመስኮቱ ሳይሆን ከዚያ ኤለመንት ነው፤ ካርታውም በሳጥኑ ውስጥ እንደታፈነ ይቀራል። ለጌጥ የተጨመረ አንድ አኒሜሽን ለዚህ ይበቃል።

በአንድሮይድ ሊንኩ በሌላ አፕሊኬሽን ውስጥ በዌብቪው (አፕሊኬሽኑ በውስጡ ባቀፈው ብራውዘር) ከተከፈተ፣ ሙሉ ስክሪን የሚሠራው የአፕሊኬሽኑ ሠሪዎች አስበውበት ከሆነ ብቻ ነው። ድጋፍ በሌለበት የማይሠራ ቁልፍ ከማሳየት ቁልፉን መደበቅ ይሻላል።

ካርታው ይሰፋል፣ ከፊሉ ግን ግራጫ ነው

ሊፍሌት መጠኑን አንዴ ለክቶ ያስታውሳል፤ እንደገና የሚለካው የብራውዘሩ መስኮት ሲለወጥ ነው። አስመስሎ ማስፋት መስኮቱን ስለማይነካ ካርታው መስፋቱን አያውቅም። ከለውጡ በኋላ «ኢንቫሊዴት ሳይዝ» የተባለውን ትእዛዝ ይጥሩለት፤ የኦፕንሌየርስ አቻው «አፕዴት ሳይዝ»፣ የማፕሊብሬ ደግሞ «ሪሳይዝ» ነው። ብዙ ሰው 200 ሚሊሰከንድ ጠብቆ መጥራትን እንደ መፍትሄ ይወስደዋል። ይህ ግምት እንጂ መፍትሄ አይደለም፤ በሠሪው ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ በደካማ ስልክ ላይ ይወድቃል። የካርታውን ሳጥን በ«ሪሳይዝ ኦብዘርቨር» (የኤለመንት መጠን ሲለወጥ በሚያሳውቀው የብራውዘር መሣሪያ) መከታተል አስተማማኝ ነው።

ካርታው ይሰፋል፣ የፍለጋ ሳጥኑና የምልክቶች መግለጫው ይጠፋሉ

ብዙ ሰዓት የሚበላው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ «ዜድ ኢንዴክስ»፣ ማለትም የኤለመንቶችን መደራረብ ወደሚወስነው ቁጥር፣ ነው። 9999 ቢሰጡት፣ አንድ ሚሊዮን ቢሰጡት ለውጥ የለም። ብራውዘሩ የሰፋውን ኤለመንት ከገጹ ሁሉ በላይ ባለው ልዩ ንብርብር ላይ ያስቀምጠዋል፤ የሚታየው እሱና በውስጡ ያሉት ብቻ ናቸው፣ የቀረው ገጽ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራል።

ስለዚህ መስፋት ያለበት ካርታው ሳይሆን ካርታውንም ሳጥኖቹንም ያቀፈ አንድ ዲቭ (አቃፊ ኤለመንት) ነው። በማፕሊብሬ «ኮንቴይነር»፣ በኦፕንሌየርስ «ሶርስ» በሚባለው ምርጫ ያንን ዲቭ ያመልክቱ። ይህን እንዳደረጉ አዲስ ምልክት ይመጣል፦ ካርታው ከላይ በቁመት 400 ፒክሰል ብቻ ይዞ፣ ከስሩ ጥቁር ባዶ ቦታ። የሰፋው አቃፊው ነው፤ ካርታው የተሰጠውን ቁመት አልለቀቀም። ኮለን ቀድሞት በሚጻፈው «ፉልስክሪን» የሲኤስኤስ ሰሌክተር፣ አቃፊው ሲሰፋ የካርታው ቁመት መቶ በመቶ እንዲሆን ይዘዙ።

አንዳንድ ላይብረሪዎች ብቅ ባይ መስኮቶቻቸውን ከገጹ «ቦዲ» መጨረሻ ላይ ይለጥፋሉ፤ እነዚህ አቃፊውን ቢያሰፉም አይታዩም። መለጠፊያ ቦታውን የሚቀይር ምርጫ ካላቸው ወደ አቃፊው ያዙሩት። ከሌላቸው «ዳያሎግ» የተባለውን የኤችቲኤምኤል ኤለመንት በ«ሾው ሞዳል» ይክፈቱት፤ እሱ ወደዚያው ልዩ ንብርብር ስለሚገባ ከካርታው በላይ ይታያል።

ቁልፉ ባዶ ነጭ ሳጥን ነው፣ ወይም ሁለት ሆኖ ይታያል

ባዶ ከሆነ የፕለጊኑ ሲኤስኤስ ወይም የምልክቱ ምስል አልተጫነም፤ የኔትወርክ ታብ ላይ 404 (ፋይሉ አልተገኘም የሚል ምላሽ) ይፈልጉ። ሁለት ከሆነና በሪአክት (ገጽ መገንቢያ ላይብረሪ) የሚሠሩ ከሆነ፣ ስትሪክት ሞድ የተባለው የሪአክት ስህተት ማጣሪያ በግንባታ ወቅት ኢፌክቱን፣ ማለትም ካርታውን የሚፈጥረውን ኮድ፣ ደግሞ ስለሚያስኬደው ነው። ኢፌክቱ ሲያበቃ ካርታውን የሚያነሳ ኮድ ይጨምሩ።

በኢስኬፕ ሲወጡ የቁልፉ ምልክት አይመለስም

ኮዱ የሚያዳምጠው የቁልፉን ጠቅታ ብቻ ነው። «ፉልስክሪን ቼንጅ» የተባለውን ኢቨንት (ብራውዘሩ የሚልከውን የለውጥ ማስታወቂያ) ያዳምጥ፤ በየትኛውም መንገድ ቢወጡ ይደርሰዋል። በኤፍ 11 የሚሰፋው ግን የብራውዘሩ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ለገጹ ኢቨንቱ አይደርሰውም፣ የካርታው ቁልፍም ምንም እንዳልሰፋ ሆኖ ይቆያል።