ያገለገለ ልብስ በኤአይ ፎቶ ስትሸጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ ሸሚዝ ከፋብሪካ ሲወጣ መንትዮቹ ብዙ ናቸው። የአንዱ ፎቶ ለሁሉም ይሠራል። የተለበሰ ሸሚዝ ግን አንድ ነው። ክርኑ ላይ የሳሳው፣ አንድ ቁልፉ የተቀየረው፣ ኮሌታው ትንሽ ቀለም የለቀቀው እሱ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገዛው ሰው ደግሞ ዳስሶና ገልብጦ ሊያየው አይችልም። ያለው ፎቶው ነው። ፎቶውን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሲያሠሩ የሚሠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህንን ከመርሳት ይመጣሉ።

ልብሱን ሳያሳዩ በጽሑፍ ብቻ ማሠራት

«ሰማያዊ የጂንስ ጃኬት፣ ትንሽ የቆየ» ብላችሁ ብትጽፉ ያማረ ምስል ይወጣላችኋል። ያ ጃኬት ግን የትም የለም። ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላገለገሉ ልብሶች የካታሎግ ፎቶ (ለማስታወቂያ የተነሳ የአዲስ ዕቃ ፎቶ) የማይፈቅደውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ገዢው ማየት ያለበት የሚላክለትን ዕቃ ራሱን ነው።

«ፎቶውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ልብሱ አይቀየርም» ብሎ ማመን

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ልብሱን አንጥፎ ያነሳል፣ ከዚያ «ሞዴል ላይ አልብስልኝ» ይላል። ፕሮግራሙ ልብሱን ከፎቶው ላይ ቆርጦ ሰው ላይ የሚለጥፍ ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ምስሉን እንደ አዲስ ይሥሉታል። ከተዘበራረቀ ነጠብጣብ ተነስተው ደረጃ በደረጃ እያጠሩ፣ የናንተን ፎቶ እንደ መነሻ እያዩ፣ የጎደለውን ከዚህ በፊት ከተማሩባቸው ምስሎች በግምት ይሞላሉ።

ግምቱ የሚበላሸው ደግሞ ጥቃቅኑ ላይ ነው። አምስት ቁልፍ ስድስት ይሆናል። የኪሱ ስፌት ይጠፋል። ደረት ላይ የታተመው ጽሑፍ የማይነበብ ፊደል ይሆናል። በእጅ የተሠራ የሚመስል ሹራብ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። እድፉም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ፕሮግራሙ የተማረው በአብዛኛው ከንጹሕ የልብስ ፎቶዎች ስለሆነ ንጹሕ አድርጎ ይሥለዋል። እናንተ ምንም አላጭበረበራችሁም፣ ፎቶው ግን ዋሽቷል።

ልኩም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሙ ትከሻው ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ አያውቅም። ሞዴሏ ላይ ልክክ አድርጎ ይሥለዋል፤ ሰፊም ይሁን ጠባብ ግድ የለውም። ስለዚህ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና በሜትር ለኩት፦ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ የእጅጌውን ርዝመት፣ አጠቃላይ ቁመቱን። ቁጥሮቹን ጻፉ። እኔን ብትጠይቁኝ እነዚህ አራት ቁጥሮች ከየትኛውም ሞዴል ይበልጣሉ።

ሞዴሉን የግድ ከፈለጋችሁ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አጉልታችሁ እዩ። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ኪስ፣ ኮሌታ፣ የታችኛው ጠርዝ። አንዱ እንኳ ከተለወጠ ምስሉን ጣሉት።

ከልብሱ ኋላ የሚታየውን ቦታ ብቻ የቀየሩ መስሎ ቀለሙንም መቀየር

ልብሱን የፀሐይ መጥለቂያ ፊት ስታቆሙት ፕሮግራሙ ብርሃኑን ከአዲሱ ቦታ ጋር ሊያስማማ ይሞክራል። ክሬም የነበረው ቢጫ ይሆናል፤ ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ጥቁር። የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ ሳይመታው፣ ነጭ ወረቀት ጎኑ አስቀምጣችሁ አንሱት። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከታየ ቀለሙ እውነት ነው።

«ትንሽ አሳምርልኝ» ማለት

ደብዛዛ ፎቶን የሚያጠሩ ፕሮግራሞችም ከምንም ተነስተው ዝርዝር ይፈጥራሉ፤ ያረጀ ጨርቅ አዲስ ሽመና ያገኛል። ዋጋውን የሚከፍለው ሻጩ ነው። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ቪንትድ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ገዢው ዕቃው ከደረሰው በኋላ «እንደተገለጸው አይደለም» ብሎ ለማመልከት 2 ቀን አለው፤ ኢቤይ ላይ 30 ቀን። የታየ እድፍ ላይ ትንሽ ትከራከሩና ዋጋ ትቀንሳላችሁ። የተደበቀ እድፍ ግን ገንዘቡን ሙሉውን ያስመልሳል፣ ብዙ ጊዜም የመላኪያውን ጨምሮ። ስለዚህ እድፉን ቀርባችሁ አንሱት፣ መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም አጠገቡ አድርጉ።

የኤአዩን ፎቶ ከፊት አስቀምጦ ዝም ማለት

ብዙ ገዢ የሚያየው የመጀመሪያውን ፎቶ ነው። እሱ እውነተኛው ይሁን። የኤአዩ ከኋላ ይምጣ፣ ከሥሩም «ይህ በኤአይ የተሠራ ነው፤ ልብሱ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው ነው» ተብሎ ይጻፍ። መደበቅ አያዋጣም። አንዳንድ ኩባንያዎች በዓይን የማይታይ ምልክት ምስሉ ውስጥ ይከታሉ፤ ጉግል ሲንትአይዲ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2023 አውጥቷል። ምልክት ባይኖርም የገዢ ዓይን ቀላል አይደለም። አንዴ ከነቃ «ለመሆኑ ልብሱ አለ?» ማለት ይጀምራል፤ እጃቸው ላይ ምንም ሳይኖር ገንዘብ የሚቀበሉ አጭበርባሪዎችም የሚጠቀሙት እንዲህ ያለውን ፎቶ ነዋ።

የታዋቂ ሰው ፊት ልብሳችሁ ላይ ማስገባትማ አይታሰብም። ሰውየው ያልለበሰውን ለብሶታል ማለት ነው፣ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

መግለጫውን ሳያነቡ መለጠፍ

ኤአይ መግለጫ ሲጽፍ ጊዜ ይቆጥባል፣ እኔ አልቃወምም። ግን ፎቶ ብቻ አይቶ «100% ጥጥ» ብሎ ከጻፈ አትመኑት። የጨርቁን ዓይነት የሚናገረው አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ የተሰፋው ትንሹ ሌብል ነው። አንብቡትና ፎቶ አንስታችሁ ጨምሩት። ታጥቦ ታጥቦ ጽሑፉ ከጠፋ ደግሞ «ሌብሉ አይነበብም» ብላችሁ ጻፉ።