«ደሴ» ብዬ ብፈልግ ባዶ

ደሴ ውስጥ የሚከራዩ ቤቶችን የሚያሳይ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። ምዝገባው ቶሎ አለቀ። ፍለጋው ግን ፈተነኝ። ያጋጠመኝን ከነመፍትሄው ላካፍላችሁ።

ችግር፦ ሁለት ፊደል ያለው ቃል ምንም አያመጣም

«ደሴ» ብዬ ጻፍኩ፤ ባዶ። «ቤት»፣ «ሱቅ»፣ አሁንም ባዶ። ኮዴን ስፈትሽ አመሸሁ፤ ጥፋቱ ግን እዚያ አልነበረም። የኢኖዲቢ (ማይኤስኪውኤል ዳታውን የሚያስቀምጥበት ክፍል) ፉል ቴክስት ኢንዴክስ፣ ማለትም ለፍለጋ የሚያዘው የቃላት መዝገብ፣ ካልነካችሁት በቀር፣ ከ3 ፊደል በታች ያለ ቃል አይመዘግብም። ለእንግሊዝኛ ይሄ ብዙም አይጎዳም። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል። «ሸዋ በር»ን ተመልከቱ። ሁለቱም ቃል ሁለት ሁለት ፊደል ነው፤ ሰፈሩ እንዳለ ከፍለጋው ይጠፋል።

መፍትሄ፦ ኢኖዲቢ_ኤፍቲ_ሚን_ቶከን_ሳይዝ (innodb_ft_min_token_size) የሚለውን የማይኤስኪውኤል ቅንብር 2 አድርጉት። ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሱ፤ ከዚያ ኢንዴክሱን አጥፍታችሁ እንደገና ሥሩት። ያለዚህ ለውጡ አይታይም። ሆስቲንጋችሁ ይህን ካልፈቀደ ላይክ (LIKE) በሚለው የኤስኪውኤል ትዕዛዝ ፈልጉ። ጥቂት ሺህ ቤት ላላት ድረ ገጽ በቂ ነው።

ችግር፦ «ሰኞ ገበያ» ሲባል የተወሰኑት ቤቶች ብቻ ይመጣሉ

አንዱ አከራይ «ሰኞ» ይላል፣ ሌላው «ሠኞ»። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። የሐይቅ ከተማማ ይብሳል፦ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ፣ ኃይቅ። ቤት የቸገረውን ሰው ፊደል አስተካክል ማለት ደግሞ ነውር ነው። ማስተካከል ያለብን እኛ ነን።

መፍትሄ፦ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለን (የሠንጠረዥ ዓምድ) ጨምሩ። ዋናው ጽሑፍ እንደተጻፈ ይቀመጥ። በአዲሱ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተቀይረው ይግቡ። እስከ ሳብዕ ድረስ ሁሉንም ቀይሩ። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም አንድ ይሁኑ። ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ፋንክሽን ይለፍ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው። ከረሳችሁት «ሠኞ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ጭራሽ አንድም ቤት አያገኝም።

ችግር፦ «ፒያሳ» ሲባል «በፒያሳ» ተብሎ የተጻፈው ይቀራል

ፉል ቴክስት ሙሉ ቃል ስለሚያይ ነው። በዚያው ኮለን ላይ በ፣ የ፣ ለ እና ከ የተነሡለትን ቃል ከዋናው አጠገብ ጨምሩ። ዋናውን አትሰርዙት፤ «ከተማ» «ተማ» ሆኖ ይቀራል። ሁለት ፊደል የማይተርፍለትን ደግሞ አትንኩ፤ «በር» ውስጥ ያለው በ የቃሉ ነው።

ችግር፦ ነጠላ ጥቅስ ሲጻፍ ገጹ ኤረር ያሳያል

የተጻፈውን ቃል በቀጥታ ከኤስኪውኤል ትዕዛዙ ጋር ቀጥላችሁታል። ዛሬውኑ ወደ ፕሪፔርድ ስቴትመንት (ትዕዛዙና የተጻፈው ቃል ተለያይተው የሚላኩበት ዘዴ) ቀይሩ። ክፉ ሰው በዚህ ቀዳዳ የአከራዮቹን ስልክ በሙሉ ሊወስድ ይችላል።

ችግር፦ በአማርኛ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ብቻ

ሠንጠረዡም ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነትም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4) በሚባለው የፊደል ኮድ ይሁኑ። አንዱን ብቻ መቀየር አይበቃም። ዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የገባው ግን አይመለስም፤ ባለቤቱን ጠይቆ እንደገና መጻፍ ነው።