የስኮትላንድ ገበሬ ቤት የአጃ ቂጣ፦ ሳይፈረፈር እንዴት ይጋገራል?

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901 እ.ኤ.አ.) በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ በሰው እርሻ ላይ በፈረስ የሚያርስ ባለትዳር ሠራተኛ ደመወዙን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ አይቀበልም ነበር። ከፊሉ የአጃ ዱቄት ነው። የተለመደው መጠን በዓመት ስድስት ተኩል ቦል ነበር። አንዱ ቦል 63 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ድምሩ ከአራት ኩንታል ያልፋል። ጠዋት ገንፎ፣ ከዚያ ቂጣ፣ ማታም ብዙ ጊዜ አጃ።

ገንፎውን የእኛ ሰው ይወጣዋል። ቂጣው ግን ሦስት ጊዜ አዋርዶኛል።

መጀመሪያ 125 ግራም የአጃ ዱቄት ያዙ። እንደ ስንዴ ዱቄት የላመ አይሁን፣ እንደ ቅንጬም የተከካ አይሁን፤ ጣት ላይ ሻከር የሚል ነው የሚፈለገው። በላመ ዱቄት የጋገርኩት የመጀመሪያው ቂጣ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

ጨው ቆንጠር፣ ቤኪንግ ሶዳ ቆንጠር አድርጉና አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ስብ ጨምሩ። እነሱ ከሥጋ ላይ የተጠራቀመ ስብ ይጠቀሙ ነበር። እኔ ለጋ ቅቤ አደርጋለሁ። ንጥር ቅቤ ግን ይቅር፤ ኮረሪማው አጃውን ይውጠዋል።

አሁን ዋናው ጣጣ መጣ። አራት የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ እጅ የሚፈጅ ትኩስ። ለብ ያለ ምንም አይሠራም። ስንዴን የሚያያይዘው ግሉተን አጃ ውስጥ የለም። ሊጡን የያዘው ትኩስ ውኃ ያሳበጠው ዱቄትና የቀለጠው ስብ ብቻ ነው። ሲበርድ ሁለቱም ይከዷችኋል። እኔ ሊጡን አሽቼ ስልክ ላነሳ ሄድኩ። ስመለስ መዳመጫው ገና ሲነካው ፍርፍር አለ። ስለዚህ ምጣዱ ቀድሞ ይጣድ፣ መደቡ ላይ ዱቄት ይነስነስ፣ ከዚያ በኋላ ነው ውኃው የሚፈሰው። ቶሎ ቶሎ እሹት፣ ቶሎ ዳምጡት፤ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጠርዙ ሲሰነጠቅ በጣት እየጫናችሁ ግጠሙት። ደግሞም የአንድ ቂጣ ሊጥ ብቻ አዘጋጁ። አንዱ ምጣድ ላይ እያለ ሌላው ይታሻል እንጂ የሳምንቱን በአንዴ ማቡካት አያዋጣም።

በመስቀል ቅርጽ አራት ቦታ ቁረጡት። ቁራጩ ፋርል ይባላል።

ምጣዱ መካከለኛ ሙቀት ይኑረው። የእነሱ ምጣድ እጀታ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን፣ ከምድጃው በላይ በሰንሰለት ይንጠለጠል ነበር። ወፍራም የብረት መጥበሻ በደንብ ይተካዋል፤ ምግብ የማይጣበቅበት ቀጭኑ መጥበሻ ግን ለዚህ አይረባም። እኔ በእንጀራ ልማድ አክምባሎ ደፋሁበት። እንጀራ እንፋሎት ይወዳል፣ ይሄ ግን በእንፋሎት ቆዳ ይሆናል። ክፍቱን ተዉት፣ አትገልብጡት። ጠርዙ ወደ ላይ ሲጠቀለል ከሥር በስሏል።

የላይኛውን ፊት እነሱ እሳቱ ፊት ለፊት በብረት መደገፊያ አቁመው ያደርቁት ነበር። እናንተ 150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ክተቱት።

ከተረፈ፣ እንደነሱ የዱቄቱ ሣጥን ውስጥ ቅበሩት። ዱቄቱ እርጥበቱን ይስብለታል፤ ቂጣው እንደተሰባሪነቱ ይቆያል።