ራሱን የሚያስተካክል የትራፊክ መብራት ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ ለወሎ ከተሞች

እንዲህ ያለ መብራት አረንጓዴውን የሚያከፋፍለው ሴንሰሩ በቆጠረው ልክ ነው። ያልተቆጠረ አይደርሰውም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ አንድ መንገድ ስለሚጋሩ፣ ሰከንዱን ከመነካካታችሁ በፊት ሴንሰሩ ማንን እንደሚያይ አረጋግጡ።

ባጃጅ ወይም ጋሪ ቆሞ ይጠብቃል፤ አረንጓዴ አይመጣም

ሴንሰሩ አስፋልት ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ጥቅል ከሆነ የሚያውቀው ብረትን ነው፤ ክብደት አይለካም። የእንጨት ጋሪ ከነፈረሱ ሊያመልጠው ይችላል። ባጃጅም ጠርዝ ላይ ከቆመ እንዲሁ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ክፈቱና የሴንሰሩን አመልካች መብራት እዩ። አንድ ባጃጅ መጀመሪያ ጥቅሉ መሃል፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ይቁም። መሃል ላይ በርቶ ጠርዝ ላይ ከጠፋ የሴንሰሩን ንቃት አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ሁለት ሦስት ደረጃ ከዘለላችሁ ግን የጎን መስመሩንም መኪና መቁጠር ይጀምራል። ለጋሪ ራዳር ወይም ካሜራ ያስፈልጋል። እስኪተከል ድረስ ያ አቅጣጫ ማንም ባይቆጠርም በየዙሩ፣ ማለትም መብራቱ ሁሉንም አቅጣጫ አዳርሶ በተመለሰ ቁጥር፣ አጭር አረንጓዴ ያግኝ።

ክረምት ላይ ካሜራው ይሳሳታል

የደሴ ጭጋግ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሌንሱን ጥረጉ። ምስሉ ሲጠፋ ሲስተሙ መንገዱን «ባዶ» ሳይሆን «ሰው አለ» ብሎ እንዲወስደው አድርጉ።

ዳገት ላይ ተሳቢው ሳያልፍ ይዘጋል

የጫነ ተሳቢ ሲነሳ ቀርፋፋ ነው። ከፊቱ ክፍተት ይፈጠራል፤ መቆጣጠሪያውም መኪና ያለቀ መስሎት ይዘጋል። መቆጣጠሪያው ከመዝጋቱ በፊት የሚታገሠውን ክፍተት በዳገቱ አቅጣጫ ብቻ ጨምሩ። ቁልቁል ለሚመጣው ደግሞ ፍሬን ለመያዝ ረዘም ያለ ርቀት ስለሚፈጅ ቢጫውን አስረዝሙለት።

ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመጣ የመስቀለኛ መንገዶቹ መብራቶች አይናበቡም

ሰዓታቸው ተዛብቷል። የመጠባበቂያ ባትሪውን ቀይሩ፣ ከተቻለ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ጋር አገናኙት።

እግረኛው በቀይ ይሻገራል

መኪና ሲበዛ ሲስተሙ ዙሩን ያረዝመዋል፤ ሁለት ደቂቃም ይደርሳል። ያን ያህል ፀሐይ ላይ ማን ይቆማል? ሰው ደንብ አያከብርም ከማለታችሁ በፊት ቀዩን በሰዓት ለኩት፤ ለዙሩም ጣሪያ አብጁለት።

ሌላው ጉዳይ የመሻገሪያው ጊዜ ነው። 12 ሜትር መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ ወጣት 10 ሰከንድ ይበቃዋል። ከሰኞ ገበያ ዘንቢል ተሸክመው የሚመለሱ እናት በሰከንድ 0.8 ሜትር ከሄዱ 15 ሰከንድ ይፈልጋሉ። በወጣቱ ከተሰላ እሳቸው መሃል አስፋልት ላይ ሳሉ መኪናው ይለቀቃል። እዚህ ላይ ድርድር የለም። በእሳቸው እርምጃ አስሉት፤ ሲስተሙ የቱንም ያህል መኪና ቢቆጥር ሊቀንሰው እንዳይችል ቆልፉት። የገበያ ቀን ደግሞ የራሱ ፕሮግራም ይኑረው።