ከማርኩ በፊት ሚሊሜትሩ፦ በውጭ ሆነው የቤታቸውን መስኮት ለሚያሠሩ

መስኮት ሊገዛ ሲል ከሀገር ቤት በስልክ የሚደርስዎት ወሬ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «የጀርመን ነው»፣ «የቱርክ ነው»። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የሚናገረው ስለ ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ክፈፉ ስለሚሠራበት ዘንግ ብቻ ነው። ሬሃው፣ ቬካና ዴኩኒንክ ፒቪሲ በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ሬይነርስና አሉሚል በአሉሚኒየም የሚታወቁት ረጃጅም የፕሮፋይል ዘንግ በማምረት ነው። ዘንጉን የሚቆርጠው፣ ማዕዘኑን የሚገጥመው፣ መስታወቱን የሚያስገባውና ግድግዳው ላይ የሚተክለው ሌላ ወርክሾፕ ነው። ስመ ጥር ፕሮፋይል በማይጠነቀቅ እጅ ሲገጠም በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ከሩቅ ሆነው ሊቆጣጠሩት የሚችሉት ስሙን ሳይሆን ልኩን ነው፤ ልክ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) እና በፎቶ ይረጋገጣል።

ቁሱን ሲመርጡ ዋናው ጥያቄ «መስኮቱ ማንም ሳይነካው ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚለው ይሁን። በዚህ መመዘኛ እንጨት ወደ ኋላ ይቀራል። ያምራል፣ ሙቀትም ይይዛል፤ ነገር ግን ፀሐይና ዝናብ የሚያገኘው ፊቱ በየጥቂት ዓመቱ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይፈልጋል፣ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራም ይጣመምና አልዘጋ ይላል። ኤልቲዜድ የሚባለው የብረት መስኮት ጠንካራ ነው፤ ዝገቱ ግን ውሃ ከሚቋጥርበት ከታችኛው አግዳሚና ከብየዳው ይጀምራል። ብረት ከመረጡ ብየዳው ተሞርዶ አንቲረስት ሁለት ጊዜ መቀባቱን መስታወት ከመግባቱ በፊት በፎቶ ይዩት፤ በኋላ የሚቀባው ከስቱኮው ስር አይደርስም።

የቀሩት አሉሚኒየምና ፒቪሲ ናቸው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከፒቪሲ በመቶዎች እጥፍ ያስተላልፋል። ቤቱ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ ካለው ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው፤ ወይ ፒቪሲ፣ ወይ ውስጡ በፕላስቲክ የተከፈለ፣ ቴርማል ብሬክ ያለው አሉሚኒየም ይውሰዱ። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የሌለው ቤት ላይ ግን ለቴርማል ብሬክ ብዙ መክፈል አይታየንም። እዚያ ላይ ከቁሱ ይልቅ የአከፋፈቱ ዓይነት ይበልጣል፦ ተንሸራታች መስኮት በብሩሽ ስለሚታሸግ አቧራና ነፋስ ያሳልፋል፤ በማጠፊያ የሚከፈተው ሲዘጋ ጎማውን ስለሚጫን አጥብቆ ይዘጋል። መንገድ ዳር ላለ መኝታ ቤት በማጠፊያ የሚከፈተውን ይምረጡ።

አሉሚኒየም ከሆነ በውሉ ላይ ቅይጡንና የጥንካሬ ደረጃውን (6063፣ ቲ5 ወይም ቲ6) እና የዋናውን ፕሮፋይል የግድግዳ ውፍረት ያስጽፉ። የቻይናው የመስኮት ደረጃ ለመስኮት ቀድሞ ቢያንስ 1.4 ሚሊሜትር ይጠይቅ ነበር፤ በ2020 ወደ 1.8 ከፍ አድርጎታል። ገበያ ላይ ግን 1 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ሞልቷል፤ ርካሽ ፕሮፎርማ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። የሚከታተልልዎት ሰው ካሊፐሩን በተቆረጠው ጫፍ ላይ አስገብቶ፣ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ ያንሳ። ቀለም ውፍረቱን ስለሚያሳብጥ የሚለካው ብረቱ በሚታይበት ቦታ ነው። የዱቄት ቀለሙ በአማካይ ከ60 ማይክሮን ማነስ የለበትም። ማዕዘኑ በብሎን ብቻ ሳይሆን ውስጥ በሚገባ የማዕዘን ማያያዣ ተጨፍልቆና ሙጫ ተቀብቶ መያያዝ አለበት፤ ያለዚያ ውሃ በመጋጠሚያው ይገባል።

ፒቪሲ ላይ የሚጠየቁት ነገሮች ሌላ ናቸው። ኢኤን 12608 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ በሚታየው ፊት 2.8 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን «ክፍል ኤ»፣ 2.5 የሆነውን «ክፍል ቢ» ይለዋል። ያው ደረጃ ፕሮፋይሉን በአየር ጠባይም ይለያል፦ ኤም ለመካከለኛ፣ ኤስ ለብርቱ ፀሐይ። ፀሐይ ለሚበረታበት ሀገር ኤስ ያልሆነ ፒቪሲ አይግዙ፤ በጊዜ ብዛት ይቢጫል፣ ይሰባበራል። ሌላው የሚሰረቀው ነገር ውስጡ የሚገባው የብረት ማጠናከሪያ ነው። ዚንክ የተቀባ፣ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት በውሉ ይጻፍ፤ ማግኔት በክፈፉ ዙሪያ ሲሄድ መሳቡ ከተቋረጠ ብረቱ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ነው። ጥቁርና ደማቅ ቡናማ ፒቪሲ በፀሐይ አብዝቶ ስለሚግል ይበልጥ ይለጠጣል፤ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ክፈፍ በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 6 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል።

መስታወት በሚሊሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ 6 ሚሊሜትሩ 15 ኪሎ ነው። ማጠፊያው ይህን ክብደት እንዲሸከም ካልተመረጠ ክንፉ በዓመቱ ይዘምማል። ለበር፣ ለደረጃ ዳርና እስከ ወለል ለሚወርድ መስኮት ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ወይም ላሚኔትድ (በመሃሉ ፕላስቲክ የተጣበቀበት) መስታወት ይሁን። ቴምፐርድ አንዴ ከተጠበሰ በኋላ አይቆረጥም፤ ልኩ ከተሳተ አዲስ ማዘዝ ነው። ጥግ ላይ የማኅተም ምልክት ከሌለው «ቴምፐርድ ነው» የሚለውን አይመኑ።

ከውጭ ድርብ መስታወት (በመሃላቸው አየር ታሽጎ የተጣመሩ ሁለት መስታወቶች) ጭነው ለመላክ ካሰቡ ስለ ከፍታው ያስቡበት። በባሕር ወለል ደረጃ የታሸገ ድርብ መስታወት በውስጡ የያዘው አየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የውጩ ግፊት ወደ 80 ይወርዳል። ውስጡ ያለው አየር መስታወቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ማሸጊያው ይላቀቃል፣ በመሃሉ ጤዛ ይገባል፣ አንዳንዱ በመንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ወይ እዚያው ከፍታ ላይ የሚገጣጠም ይዘዙ፣ ወይ ግፊቱን የሚያመጣጥን ቀጭን ቱቦ እንዲገባበት ያድርጉ። ቱቦ የገባበት መስታወት አርጎን የሚባለውን ሙቀት የሚከላከል ጋዝ ስለማይዝ ለአርጎን አይክፈሉ።

ልክ የሚወሰደው ከፕላን ላይ አይደለም። ግንበኛው የሠራው ክፍተት ከፕላኑ ጋር በሚሊሜትር አይገጥምም። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፤ ቁመቱን በሦስት ቦታ፤ ከዚያ ሁለቱን ሰያፎች (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) ያስለኩ። ትንሹ ቁጥር ተወስዶ ከእያንዳንዱ ጎን 10 ሚሊሜትር ይቀነሳል። ሰያፎቹ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ መጀመሪያ ክፍተቱ ይስተካከል፤ ያለዚያ ገጣሚው በፎም (ተረጭቶ በሚያብጥ አረፋ) ይሸፍነዋል። ፎም ክፍተት ይሞላል እንጂ መስኮት አይዝም። የሚይዘው ብሎን ነው፤ ከማዕዘኑ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ይጀምራል፣ ከዚያም ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ልዩነት ይቀጥላል።

በገጠማ ጊዜ የሚሳቱ ሦስት ነገሮች አሉ። የሲሚንቶ ውሃ የአሉሚኒየምን ቀለም ስለሚበላ መሸፈኛው ፕላስቲክ ልስን እስኪያልቅ አይነሳ፤ ልስን እንዳለቀ ግን ቶሎ ይላጥ፣ ፀሐይ ከመታው ተጣብቆ ይቀራል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ብረትንና የድርብ መስታወትን ማሸጊያ ስለሚጎዳ ኒውትራል የሚባለውን ያስገዙ። ሦስተኛው የውሃ መውጫው ነው፦ በታችኛው ክፈፍ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በልስን ወይም በሲሊኮን ከተደፈኑ የገባው ዝናብ የሚወጣበት አጥቶ ወደ ክፍሉ ይፈሳል። ዝናብ ሲዘንብ «መስኮቱ ያፈሳል» የሚሉት ቤቶች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው።

ክፍያን በተመለከተ፣ ገንዘቡን እንደ ጊዜው ሳይሆን እንደሚታየው ሥራ ይክፈሉ፦ ከፊሉን ውሉ ሲፈረም፣ ከፊሉን ክፈፎቹ ወርክሾፑ ውስጥ ተገጣጥመው ልካቸው ሲታይ፣ ከፊሉን ግድግዳ ላይ ሲተከሉ። የመጨረሻውን አሥር በመቶ ከውሃ ሙከራው በኋላ ይልቀቁ። ሙከራው ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ መስኮት ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ለአሥር ደቂቃ ውሃ በላስቲክ ቱቦ ይረጫል፣ ሌላ ሰው ከውስጥ ሆኖ በቪዲዮ ይቀርጻል። ወንድምዎ ወይም አክስትዎ የሚከታተሉልዎት ከሆነ እነሱ ከወርክሾፑ ጋር ለመከራከር አይገደዱም፤ ቁጥሮቹ በውሉ ላይ ካሉ ዘመድ ፎቶ አንሺ ብቻ ይሆናል፣ ክርክሩም በእርስዎና በወርክሾፑ መካከል ይቀራል።

እጀታና ማጠፊያ ይዘው መምጣት ከፈለጉ ወርክሾፑ የፕሮፋይሉን ኮድ እስኪልክልዎት አይግዙ፤ የዕቃው ቦይ ልክ በየፕሮፋይሉ ይለያያል። ሥራው ሲያልቅ ለመለዋወጫ ሁለት እጀታ፣ አንድ ጥንድ ማጠፊያ፣ ለተንሸራታቹ አራት ጎማ እግርና ከዚያው የታዘዘ አሥር ሜትር የማሸጊያ ጎማ በቤቱ ይቀመጡ፤ የፕሮፋይሉ ኮድ የተጻፈበትም ወረቀት አብሯቸው በአንድ ካርቶን ይሁን።